ከእማ ክፍል ኮርኒስ በላይ

ኳ...

መጀመሪያ ድምፁ ነው። ምንም ነገር ከማየቴ በፊት የሰማሁት እሱን ነው።

ኳ...

ከላይ። ከፎቁ ወለል። ልክ እኔ ከታች በመዶሻ የመታሁበት ቦታ ላይ... ከወዲያ በኩል።

ውሸት ነው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፈውን እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን በእኔ ላይ፣ በገዛ ቤታችን፣ በጠራራ ፀሐይ የደረሰ ነው። ያላመነ ሞላሌ ድረስ ይምጣና ቤቱን ላሳየው።

ብቻዬን ግን አልገባም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ቀትር። መሰላል ላይ ቆሜያለሁ። አንገቴ ወደ ላይ ተቆልምሟል። በአንድ እጄ መዶሻ፣ በሌላው የመብራት ሽቦ ይዣለሁ።

ግን እንዲህ ከመሃል ከጀመርኩት አይገባችሁም። ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ይሥሐቅ እባላለሁ። አስራ ሁለተኛን ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ሰው አላበዛም። ከሰው ጋር ከማውራት አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጉሙ ከቆላው ሲወጣ ማየት ይቀለኛል።

ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነው። አያቴ በድንጋይ የሠሩት፣ ፎቅ ያለው ቤት። ምድር ቤቱ ድሮ የበጎች ማደሪያ ነበር፤ እኛ የምንኖረው ፎቁ ላይ ነበር። ደረጃው በውጭ በኩል ነው የተሠራው። ምድር ቤት ያለ ሰው ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ አያይም።

ይህን ያዙልኝ።

እናታችን ወለተ ኢየሱስ ደረቷን ታማለች። ስትተነፍስ ሲር... ሲር... ይላል፤ ደጅ ሆኖ ይሰማል። ደረጃ መውጣት ካቆመች ቆይታለች። ደብረ ብርሃን ወስደን ስናስመረምራት ሐኪሙ እኔንና እህቴን ለብቻችን ጠርቶ ነገረን።

"አቧራና ብርድ ካገኛት መድኃኒቱ ዋጋ የለውም። ቤቱ እንደዚያው ከሆነ... ክረምቱን አትሻገርም።"

እንዲህ ነው ያለን። ሳይሸፋፍን።

እሷን ደብረ ብርሃን አክስታችን ቤት ትተናት ተመለስን። ለገና ልናመጣት። እስከዚያ ምድር ቤቱን ልናዘጋጅላት።

ችግሩ ኮርኒስ የለውም። ከታች ሆናችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት የፎቁን ወለል ነው። ወፋፍራም የጥድ አግዳሚዎች፣ በላያቸው ጣውላ። ጣውላው በዕድሜ ብዛት ተላቋል። ፎቁ ላይ ደግሞ ከእማ መታመም በኋላ ገብስ ነው የምናስቀምጠው፤ እኛም ከምድር ቤቱ ጎን ወዳለው ጓዳ ወርደናል። አይጥ በሮጠ ቁጥር፣ ነፋስ በገባ ቁጥር የገብሱ ብናኝ በስንጥቁ እንደ ዱቄት ይወርዳል።

የት ላይ? ልክ አልጋዋ ላይ።

ስለዚህ ከአግዳሚዎቹ ሥር ኮርኒስ መምታት። በአግዳሚና በአግዳሚ መሃል የበግ ፀጉር መጠቅጠቅ፤ ብርዱን እንዲይዝ። አምፖልና ሶኬት ማስገባት።

በቃ። ይኸው ነው ሥራው።

ቀላል ይመስላል አይደል?

ምንም ነገር እሺ አላለኝም።

ለኮርኒሱ የገዛሁት ችፑድ ከሞላሌ በጋሪ ሲመጣ ሲንገጫገጭ ጥጉ ተሰብሮ ደረሰ። የአያቴ ግድግዳ ቀጥ ያለ ጥግ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በዚያ በኩል ለክቼ የቆረጥኩት በዚህ በኩል አይገባም። መጀመሪያ ችፑዱ የሚያርፍበትን ቀጭን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ከአግዳሚው ጋር ልምታ ብል ጥዱ ደርቆ ብረት ሆኗል። ሚስማሩ ይጎብጣል። ነቅዬ ሌላ እመታለሁ። ይጎብጣል። ደግሜ እመታለሁ... አሁን ደግሞ ጣቴን።

ታላቅ እህቴ እታገኝ ከታች ሆና ትስቃለች።

"ዕድሜህን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ስታይ ኖርክ። ይኸው እግዜር እንደ ምኞትህ ሥራ ሰጠህ!"

"ዝም በይና ደግፊው።"

"ደገፍኩ እኮ! አንተ ነህ የምትንቀጠቀጠው።"

"እጄ ዝሎ ነው።"

"እኔ ደግሞ ጉሙን ናፍቀህ መስሎኝ።"

መብራቱን የሚዘረጋልን አፈወርቅ ነው። ሞላሌ ላይ እሱን የማያውቅ የለም። እጁ ጥሩ ነው፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። አንድ ቀን መጥቶ አግዳሚዎቹን በሳቸውና ጠፋ። "ነገ ጠዋት" ይላል፤ አይመጣም። ስደውልለት "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል፤ ከጀርባው የጠላ ቤት ሳቅ ይሰማኛል። ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ። እማ የምትመጣበት ቀን እየቀረበ ነው።

በመጨረሻ መጣ። ገና ሳይገባ ቀና ብሎ የመታሁትን ሞራሌ አየ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን የመታኸው ዓይንህን ጨፍነህ ነው?"

"ግድግዳው ነው ጠማማው።"

"አሃ። ግድግዳው ነዋ።"

ሽቦው ከቆጣሪው በፎቁ በኩል ነው የሚመጣው። አፈወርቅ ፎቅ ላይ ሆኖ ከወለሉ አንድ ጣውላ አንስቶ ይስባል፤ እኔ ከታች በተበሳው ቀዳዳ እየፈታሁ እሰጠዋለሁ። ግን ያ ወለል ወፍራም ነው፤ በላዩም ገብስ ተከምሯል። ብንጮህም አንሰማማም።

"ምልክት እናድርግ" አለኝ። "አንዴ ስትመታ፣ ሳብ ማለት ነው። እኔም አንዴ እመታልሃለሁ፣ ሰማሁ ማለት ነው። ሁለቴ ስትመታ አቆማለሁ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"እስቲ ድገመው።"

"አፈወርቅ! ውጣ በቃ!"

እየሳቀ ወጣ።

ጥቂት ጠበቅኩ። መሰላሉ ላይ ወጣሁ። የሽቦውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩና በመዶሻው አግዳሚውን አንዴ መታሁ።

ዝም።

ከዚያ...

ኳ...

ከላይ። ልክ የመታሁበት ቦታ ላይ።

ሽቦው መሳብ ጀመረ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከስንት ቀን መከራ በኋላ አንድ ነገር እሺ አለኝ ብዬ። ጥቅሉን እየፈታሁ ሰጠሁ። አፈወርቅ ሥራ ላይ ችኩል ነው፤ ሲስብ እየነጠቀ ነው። ያን ቀን ግን አሳሳቡ ሌላ ነበር። ቀስ ብሎ። እኩል እኩል። ትንሽ ይስባል፣ ያርፋል። ትንሽ ይስባል፣ ያርፋል።

ክር እንደሚያወጣ ሰው።

የሚበቃው ሲገባ ሁለቴ መታሁ።

አላቆመም።

ደግሜ ሁለቴ መታሁ። በኃይል።

ኳ...

አንዴ። መሳቡንም ቀጠለ።

"ኧረ በቃ!" ብዬ ጮህኩ። "አንኮበር ድረስ ልታደርሰው ነው እንዴ?!"

ሽቦው ሄደ። ሄደ። ክፍሉን ዞሮ የሚተርፈው ጥቅል በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ሄደ። በመጨረሻ ጫፉን ጨብጬ ያዝኩት። ለአፍታ ከላይ ያለው ኃይልና እኔ ተጓተትን...

ከእጄ አመለጠ። እንደ አይጥ ጅራት ስልክክ ብሎ ገባ።

በንዴት ጦፌ ነበር። ከመሰላሉ ዘልዬ ወረድኩ። ልሰድበው የመረጥኩትን ቃል ሁሉ አፌ ላይ ደርድሬ ወጣሁ።

አፈወርቅ ደጅ፣ የድንጋዩ አጥር ጋ ቆሟል። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቷል።

"ሄሎ? ሄሎ! አይ ኔትወርክ..."

"ሽቦውን ምን አደረግከው?"

"የቱን?"

"የሳብከውን!"

ስልኩን ዝቅ አደረገ። ፊቴን አየና የሚቀልድበትን ነገር ፈለገ። አላገኘም።

"ይሥሐቅ... ገና አልወጣሁም እኮ። ፎቁ ተቆልፏል። ቁልፉን ልጠይቅህ ስመለስ ስልክ ጠራ።"

"ቁልፉ የት አለና?" አልኩ።

ቁልፉ እታገኝ አንገት ላይ ነበር። እታገኝ ደግሞ ወንዝ ወርዳ የበግ ፀጉሩን እያጠበች።

እሷን ጠርተን ሦስታችን ወጣን። በሩን እሷ ከፈተች።

ማንም የለም። የገብስ ጆንያዎች። በወለሉ ላይ እንደ አመድ የተኛ ብናኝ። እግር ያረፈበት ምልክት... የለም። የአይጥ እንኳ።

ሽቦው መሃል ላይ ነበር። የሰፌድ ስፌት ሲጀመር ከመሃል እየዞረ እንደሚሰፋው፣ ዙሩን ጠብቆ፣ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል። አንድም ቦታ አልተጣመመም።

አፈወርቅ ጥቅሉን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

"አይጥ ነው" አለ በመጨረሻ።

"አይጥ?" አለች እታገኝ በሹክሹክታ።

"እና ምን ልበልሽ እህቴ?"

ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። ሽቦውን እኛው ሳብነው፤ አፈወርቅ አምፖሉን አሰረ፣ ሶኬቱን አሰረ፣ መገጣጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለለ። ማብሪያውን ሲጫነው ክፍሉ ቦግ አለ። ፈገግ ልል ስል...

ድርግም። መብራት ሄደ። የመንደሩ በሙሉ።

"እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ" አለ አፈወርቅ። ካቻቢቴውን እንኳ ረስቶ ሄደ።

በማግስቱ የደረቀውን የበግ ፀጉር በአግዳሚዎቹ መሃል ጠቀጠቅን፤ ከሥሩ ችፑዱን መታን። ቀኑን ሙሉ። ሲመሽ የቀረው በበሩ በኩል ያለችው አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ነበረች። አንገቴን ማዞር አልችልም ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ስገባ ከእማ አልጋ በላይ ያለው ችፑድ የለም።

አልወደቀም። ቢወድቅ ይሰበር ነበር። ግድግዳው ላይ በጥንቃቄ ተደግፎ ቆሟል። ሚስማሮቹ ከሥሩ ተከምረዋል።

አንዱም አልጎበጠም። እኔ ስመታቸው የጎበጡት እንኳ ተቃንተዋል።

እመኑኝ፣ የመጀመሪያ ስሜቴ ፍርሃት አልነበረም። ላለቅስ ነው የደረስኩት። መዶሻውን አንስቼ ወረወርኩት።

"ሥራዬን ማን ነው የሚያፈርሰው?! ማነው?!"

እታገኝ ግን ወደ ላይ ነበር የምታየው። አልጋው ላይ ወጣችና በተከፈተው ቦታ እጇን ሰደደች። የጠቀጠቅነውን የበግ ፀጉር ሳበች።

ፀጉር አልነበረም። ፈትል ነው።

ትናንት በእጄ የጠቀጠቅኩት ብትን ፀጉር፣ በአንድ ሌሊት ተፈትሎ፣ ቀጥኖ፣ በመብራቱ ሽቦ ላይ ተጠምጥሟል። ስትስበው ይመጣል። ይመጣል። አያልቅም።

"ይሥሐቅ..."

"ምን?"

"ፈትሉን እየው።"

"አየሁት እኮ።"

"አላየኸውም። አዟዟሩን እየው። ወደ ግራ ነው የተፈተለው።"

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

እማ ግራኝ ናት። እንዝርቱን በግራ እጇ ነው የምታሾረው። ከበግ ፀጉር ባና፣ ብርድ ልብሱን፣ የሚሠሩት ሸማኔዎች የእሷን ፈትል ለብቻው ነው የሚያስቀምጡት፤ ከሌላ ሴት ፈትል ጋር አይስማማም፣ ይፈታል እያሉ ይቆጣሉ። በዚህ አገር ወደ ግራ የሚፈትል ሌላ ሰው አናውቅም።

ደወልን። ስልኩን ጆሯችን መሃል አድርገን።

"እማ... እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ ልጄ።" ሲር... ሲር... "እንቅልፍ ብቻ እንቢ አለኝ። ዓይኔን ስጨፍን እጄ ይሠራል።"

"ምን ይሠራል?"

ሲር... ሲር... ትንፋሿ ብቻ።

"ኮርኒሱ አለቀ?" አለች።

"ሊያልቅ ነው።"

"ቶሎ ዝጉት። ይበርደኛል።"

እታገኝ ስልኩን ዘጋች። ወዲያው በሃይላንድ ያስቀመጠችውን ጠበል አምጥታ ከጥግ እስከ ጥግ ረጨችው። ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ ኮርኒሱን።

"ችፑዱን አታርጥቢው!"

"አንተ ስለ ችፑድ ታወራለህ?"

"ውሃ ሲነካው ያብጣል እታገኝ!"

አበጠ። ልክ እንዳልኩት። ጫፎቹ ሁሉ እንደ ተነፋ ከንፈር ተገለበጡ። ግድግዳው ላይ የተደገፈው ደግሞ ከሁሉ ብሶ፣ ትናንት የተመታበት ቦታ ላይ አልገባም አለ። ፋቅኩት፤ አልገባም። ቆረጥኩት፤ በሰያፍ ተቆረጠ። ሌላ ችፑድ ለማምጣት ሞላሌ መሄድ አለብኝ፤ እማ ደግሞ በማግስቱ ሚኒባስ ላይ ናት።

"ይቅር" አለች እታገኝ። "ይቅር ይሥሐቅ። ለጊዜው ጓዳ ከእኛ ጋር ትተኛለች።"

"ጓዳው ጭስ ነው።"

"አንድ ሁለት ሳምንት..."

"ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል! ይሄ ካልተዘጋ ትሞታለች። እዘጋዋለሁ።"

መጥታ ችፑዱን ደገፈች።

ቀትር ሆኖ ነበር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ክንዶቼ ይንቀጠቀጣሉ። አፌ ውስጥ ሚስማር ነክሻለሁ። ችፑዱን በራሴ ተሸክሜ በአንድ እጄ ወደ ቦታው እገፋዋለሁ፤ በጣት ስፋት አልገባም ይለኛል። እገፋዋለሁ። እንቢ። እገፋዋለሁ...

"ይሥሐቅ..."

ከላይ ነው የመጣው።

የእማ ድምፅ። አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆይባት መጨረሻውን ሳብ አድርጋ እንደምትጠራኝ።

እንዲህ ተናድጄ፣ እንዲህ ደክሜ... አላሰብኩም። ሚስማሩን ተፋሁና ከልጅነቴ ጀምሮ ያለኝን መልስ መለስኩ።

"አቤት እማ!"

እታገኝ ደረቀች።

"ማንን ነው አቤት ያልከው?"

"እማ ጠራችኝ..."

"ስንቴ?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናታችን ልጆች ሆነን በተደጋጋሚ የነገረችን አንድ ነገር አለ። የማታዩት ሰው ሲጠራችሁ፣ ሦስቴ ሳይጠራ አቤት አትበሉ። ሰው ከሆነ ይደግማል። ሰው ካልሆነ አንዴ ጠርቶ ይጠብቃል።

"ስንቴ ጠራህ ይሥሐቅ?"

"...አንዴ።"

ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። ጠበቅን። እንዲደግም ለመንኩ። እውነቴን ነው፤ እንዲደግም በልቤ ለመንኩ።

አልደገመም።

ይልቅ ችፑዱ ገባ።

እኔ አልገፋሁትም። እታገኝም አልገፋችውም። ከላይ በሁለት እጅ የተሳበ ይመስል ከራሴ ላይ ቀለለና፣ ግጥም ብሎ ቦታው ላይ ተቀመጠ። በሰያፍ የቆረጥኩት ጠርዝ ከግድግዳው ጠማማነት ጋር ልክ ሆነ።

ሚስማር አስጠግቼ መታሁ።

አንዴ ብቻ። እስከ ራሱ ገባ።

ሌላ። አንዴ።

ሌላ።

ያን ሁሉ ቀን ብረት ሆኖ ያስለቀሰኝ ጥድ እንደ ቅቤ ሆነልኝ። በበሩ በኩል የቀረችውንም ጠባብ ቦታ ዘጋሁ። እዚያም አንድ ሚስማር አልጎበጠም። ለመጨረሻ ጊዜ መዶሻውን ሳወርድ መብራት መጣ።

ክፍሉ ቦግ አለ።

የተገለበጡት ጫፎች ተኝተዋል። ስንጥቅ የለም። አንዲት ብናኝ አትወርድም። ብርዱ እንኳ ወጥቷል። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

መደሰት ነበረብኝ።

እታገኝ ግን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቀስ እያለች ወጣች።

እማ በማግስቱ መጣች። ከሚኒባሱ አውርደን በበቅሎ አደረስናት። መንገዱን ሙሉ ሲር... ሲር... ትላለች፤ በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል ታደርጋለች። ደገፍናትና ምድር ቤቱ በር ላይ ቆመች።

ቀና አለች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ጥሩ ሠርተሃል" አለችኝ።

"እህ... ደክመን ነው።"

"ማን ረዳህ?"

"እታገኝ።"

"ሌላስ?"

"አፈወርቅ። መብራቱን።"

"ሌላስ?"

እታገኝ ክንዴን ጨበጠችው።

"ሌላ ማንም የለም" አልኩ።

እማ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችም። አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፤ ሁለት ባና ደረብንላት። ያን ሌሊት ከጎኗ መሬት ላይ ተኛን። ምንም አልሆነም። ትንፋሿን ስንቆጥር ነጋ።

ጠዋት ቆንጆ ሆና ነበር። አጥሚት ጠጣች። "አቧራው ቀርቷል" አለች። እታገኝ ቀለል አላትና እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ወረደች። እኔ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ፀሐይዋ በመስኮቷ ገብታ እግሬ ላይ ተኛች። ስንት ቀን ሙሉ በቅጡ አልተኛሁም። ሲር... ሲር... የሚለው ትንፋሿ እንደ እሽሩሩ ሆነብኝ። ሐኪሙ ያለውን አሰብኩ። ክረምቱን ትሻገራለች አልኩ በልቤ። ይኸው ዘግቼላታለሁ። ትሻገራለች።

ዓይኔ ተከደነ።

...

ሲር...

ሲር...

ሳልነቃ ሰማሁት። ልቤ ረጋ። አለች ማለት ነው።

ዓይኔን ገለጥኩ።

አልጋው ባዶ ነው። ባናዎቹ ታጥፈው ራስጌው ላይ ተቀምጠዋል።

እማ በሩ ጋ ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታለች። ጫማዋን አድርጋለች። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፤ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።

ደረቷ ዝም ብሏል። ትተነፍሳለች... ግን ድምፅ የለም።

ሲር...

ሲር...

ከላይ ነው።

ከኮርኒሱ በላይ። ከአልጋዋ ትይዩ። ያ ራሱ የገባው ችፑድ በጣም በትንሹ... ወደ ታች ይነፋል። ይመለሳል። ይነፋል። ይመለሳል።

ልጣራ አፌን ከፈትኩ። "እማ" ልል። ግን ወደ በሩ ነው ወደ ላይ?

አላወቅኩም። አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

በሩ ጋ ያለችው ዘወር ብላ አየችኝ። ዓይኗ የእናቴ ዓይን ነው። አልተቆጣችም፣ አላዘነችም። የመጣችበትን ሥራ ጨርሳ እንደምትሄድ ሴት ነው ያየችኝ። ከዚያ ወጣችና ነፋስ እንዳይገባ በሩን በቀስታ መለሰችው።

በመስኮቷ በዓይኔ ተከተልኳት። የበጎቹን በረት አለፈች። የድንጋዩን አጥር አለፈች። ቁልቁል ወደ ሞላሌ አልሄደችም፤ ወደ ዳገቱ ነው የዞረችው። ጤነኛ ሰው እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ አርፎ የሚወጣውን ያንን ዳገት፣ ሳትቆም፣ አንዴም ሳታስል፣ አንዴም ወደ ኋላ ሳታይ ወጣችው።

ጫፉ ላይ ጉም ነበር። ገባችበት። የእማ ትንፋሽ ግን ከራሴ በላይ፣ እኔው ከዘጋሁት ኮርኒስ ወዲያ፣ ሲር... ሲር... ማለቱን አላቆመም።